ራኩን ዶሮዎቹን እየጨረሰ ነው፣ ከኮርኒስ በላይም ገብቷል፤ ከየት ልጀምር?

የጫካ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው አሜሪካ ነው፤ ቤታችን ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ዳር ያለ ነው። ያስቸገረን ራኩን ነው፣ ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ እንደ እጅ በሚጠቀምባቸው የፊት እግሮቹ ነገር የሚከፍት የዱር እንስሳ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ14 ዶሮዎች 5ቱ አለቁ። ሁለቱ ጭንቅላታቸው ተቆርጦ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ነው የተገኙት። አንዷ ክንፏና እግሯ በሽቦው ቀዳዳ ተጎትቶ ወጥቷል። የቀሩት ሁለቱ ላባቸው ብቻ ነው ያለው። ዶሮ ቤቱ የእንጨት ነው፤ መስኮቶቹ በተለመደው ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ተሸፍነዋል፤ በሩ በምስማር ላይ በሚሽከረከር ቁራጭ እንጨት ይዘጋል፣ ጠዋት ግን ተከፍቶ ነው የሚገኘው። ጭቃው ላይ የሕፃን እጅ የሚመስል ባለ አምስት ጣት ዱካ አለ።

ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ከበድ ያለ ነገር ሲራመድ ይሰማል። ከሰሞኑ የወፍ ጫጩት የሚመስል ቀጭን ድምፅ ተጨምሮበታል። ጓሮ ውስጥ የዘራነው ጣፋጭ በቆሎም አለ፤ አምና እሸቱ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው በአንድ ሌሊት ተሰባብሮ አደረ።

ጎረቤታችን የሳጥን ወጥመድ ላውሳችሁ፣ ያዙትና ራቅ አድርጋችሁ ጫካ ልቀቁት ይላል። ትንንሽ ልጆች ስላሉን መርዝ አልፈልግም። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሽቦና ምስማር

ግንባታው ይደርሳል፤ ዛሬ ማታ የሚደረገውን ላስቀድም። ራኩን አንዴ የጠገበበትን ቦታ አይረሳም፣ በማግስቱ ይመለሳል። ስለዚህ የቀሩት 9 ዶሮዎች ዛሬ እዚያ ቤት ማደር የለባቸውም። ጋራዥ ወይም በሩ የሚቆለፍ ዕቃ ቤት ካለዎት የውሻ ኬጅ ውስጥ አድርገው እዚያ ያሳድሯቸው። መኖውን ከዶሮ ቤቱ አውጥተው ክዳኑ በሚታሰር የቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ያድርጉት፤ የፕላስቲኩን በጥርሱ በስቶ ይገባበታል። የተሰበረ እንቁላል፣ የወዳደቀ ፍራፍሬ፣ የድመት ምግብ፣ ለወፍ የተሰቀለ ጥሬ፣ ሁሉም ሳይመሽ ይነሳ። የቆሻሻ በርሜሉን ማታ ሳይሆን መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ያውጡት። ምግቡ ሳይነሳ ሌላው ሥራ ሁሉ ድካም ብቻ ነው።

አገዳደሉ የራኩን ነው። ዊዝልና ሚንክ (ቀጫጭን፣ ትናንሽ ሥጋ በል አውሬዎች) አንገት ሥር ነክሰው ብዙ ገድለው ሬሳውን ይተዉታል። ጉጉትም ጭንቅላት ይቆርጣል፣ በር ግን አይከፍትም። እጁን በሽቦ አሾልኮ የደረሰበትን ክንፍ ወይም እግር የሚጎትት ራኩን ነው። ላባቸው ብቻ የቀረው ሁለቱ ግን የቀበሮ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀበሮ ዶሮዋን ይዞ ነው የሚሄደው። ደግነቱ ከዚህ በታች ያለው ሁለቱንም ያግዳል።

የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ የተሠራ አይደለም። ጠመዝማዛው ሲጎተት ይተረተራል፣ ቀዳዳውም የራኩንን ክንድ ያሳልፋል። የሚያስፈልግዎ ሃርድዌር ክሎዝ እየተባለ የሚሸጠው፣ በየመገናኛው የተበየደና ዚንክ የተቀባ፣ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች (12.7 ሚሊሜትር) የሆነ ሽቦ ነው። የውፍረት ቁጥሩ 19 ይሁን፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሽቦው ይወፍራል፣ ስለዚህ 16 ካገኙ የተሻለ ነው። 23 ቁጥሩን ቢረክስም አይግዙት።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሽቦው ላይ ሳይሆን አያያዙ ላይ ነው። በእጅ ስቴፕለር ብቻ የተመታ ሽቦ ጠርዙ ሥር ጣት ከገባ አለቀለት፤ አንዷ ስቴፕል ስትነቀል የቀሩት እንደ ላላ ስፌት ይከተላሉ። ሽቦውን ከመስኮቱ በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር አስረዝመው ይቁረጡት፣ ከውጭ በኩል ያድርጉት፣ ጠርዙ ላይ 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠባብ ጣውላ ደርበው በ4 ሳንቲሜትር ቪቴ በየ15 ሳንቲሜትሩ ያጥብቁት። ጣውላ ከሌለ ከእያንዳንዱ ቪቴ ራስ ሥር ሰፊ ሮንዴላ ያስገቡ፤ ዲያሜትሩ ከ25 ሚሊሜትር አይነስ፤ ትንሿ ሮንዴላ ሁለት ቀዳዳ እንኳ በደንብ ስለማትይዝ ሽቦው ከሥሯ ይሾልካል። የተቆረጠው የሽቦ ጫፍ እጅ ስለሚሸነትር የቆዳ ጓንት አይርሱ።

ከሥር ቆፍሮ እንዳይገባ ያንኑ ሽቦ መሬት ላይ ወደ ውጭ ያንጥፉ፤ ስፋቱ ቢያንስ 30፣ ቢቻል 60 ሳንቲሜትር። አንዱን ጠርዝ ግድግዳው ሥር በቪቴ ይያዙት፣ ቀሪውን በሽቦ ካስማ መሬት ላይ ይቸንክሩት፣ መገናኛው ላይ 10 ሳንቲሜትር ያደራርቡት። አውሬ ሁልጊዜ መቆፈር የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው፤ ሽቦ ሲያጋጥመው ወደ ኋላ 60 ሳንቲሜትር ሄዶ መጀመር እንዳለበት አይገባውም። በአንድ ወር ሳር ይበቅልበትና አይታይም።

አሁን በሩ። የሚሽከረከር እንጨት፣ መንጠቆና ቀለበት፣ ተራ መቀርቀሪያ፣ ሦስቱም አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ራኩን ደግሞ በጣቱ እየዳሰሰ አንድ ሌሊት ሙሉ የሚሞክር እንስሳ ነው። ሁለት የተለያየ እንቅስቃሴ የሚፈልግ ይሁን፦ መቀርቀሪያ፣ በመቀርቀሪያው ቀዳዳ ደግሞ ሞላ ያለው ካራቢነር (ሲጫኑት የሚከፈት የብረት ቀለበት) ወይም ጓጉንቸር። አንድ መሀል ላይ አይበቃም። ከላይና ከታች አንዳንድ ያድርጉ፤ አለዚያ የበሩን የታች ጥግ ይዞ ሲስበው ሳንቃው ይለመጥና ክንዱ ይገባል። ቆጡንም ከማንኛውም ሽቦ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ያርቁት፤ ግማሽ ኢንቹ ክንድ ባያሳልፍም የተደናገጠች ዶሮ ሽቦው ላይ ተለጥፋ እንድታድር አያስፈልግም።

በመጨረሻ ቀን ላይ ውስጥ ገብተው በሩን ይዝጉና ብርሃን የሚያስገባውን ሁሉ ይፈልጉ። ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ያለው ክፍተት ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው።

እሸት በዓመት አንዴ

ስለ በቆሎው። ራኩን ተራ አጥር ይወጣል፣ ስለዚህ ቁመት መጨመር ዋጋ የለውም። የሚያቆመው የኤሌክትሪክ አጥር ነው፣ እሱም ዝቅተኛ፦ ሁለት ሽቦ፣ አንዱ ከመሬት 15፣ ሌላው 30 ሳንቲሜትር ላይ። የመጀመሪያው አፍንጫውን፣ ሁለተኛው ልውጣ ሲል እጁን ያገኘዋል። የፋይበር ግላስ ካስማዎችን በየ3 ሜትሩ ይትከሉ፤ መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ያጠጋጉ፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሽቦው ከፍ ብሎ በሥሩ መንገድ ይከፍታልና። ቅጠሉ እንዳይነካው ከበቆሎው ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይራቅ።

ሽቦውን በቀጥታ ከቤት መብራት ጋር ማገናኘት ሰው ይገድላል። ለአጥር ተብሎ የተሠራውን፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ አጭር ምት የሚልከውን መሣሪያ ብቻ ይጠቀሙ። ቮልቴጁን ከመሣሪያው አጠገብ ሳይሆን አጥሩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ በአጥር መለኪያ ይለኩ፤ 4000 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ጥሩ ነው። ካነሰ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ሽቦውን የነካ ሳር ካለ ኃይሉን ወደ መሬት ያፈሰዋል፤ በየሳምንቱ ይታጨድ። ሁለተኛ፣ የመሬት ዘንጉ፦ ዚንክ የተቀባ ብረት፣ ከ1 ሜትር ያላነሰ መሬት ውስጥ የገባ። ደረቅ አሸዋማ አፈር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ እዚያ ሁለት ሦስት ዘንግ በየ3 ሜትሩ ተክሎ ማያያዝ ያስፈልጋል። «አጥሩ አይሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ነው የማይሠራው።

ጊዜው ወሳኝ ነው። እሸቱ ወተት ሲይዝ ነው ራኩን የሚመጣው፤ አንዴ ከቀመሰ በኋላ የተተከለ አጥር ግን ብዙም አያስቆመውም። ስለዚህ የበቆሎው ጺም ብቅ እንዳለ አጥሩ ቆሞ ኃይል ይኑረው። ልጆች ስላሉ ቀን ቀን ያጥፉት፤ ከመምሸቱ በፊት ማብራቱን ግን አንድም ማታ አይዝለሉ።

ሐኪመ እንስሳት

ወጥመዱን ለጎረቤትዎ ይመልሱለት። ያ ቀጭን ድምፅ ግልገሎች ናቸው ብዬ ነው የማስበው። ራኩን በአብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ተጠቅቶ፣ 63 ቀን ያህል አርግዞ፣ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ግልገል ይወልዳል። አሁን እናቲቱ ወጥመድ ውስጥ ገብታ ብትወሰድ ግልገሎቹ ከኮርኒሱ በላይ በረሃብ ይሞታሉ። ይህ በራሱ ጭካኔ ነው፤ ለእናንተም ሽታው፣ ዝንቡና ኮርኒሱን የሚያልፈው እድፍ ይተርፋችኋል።

«ራቅ አድርጎ መልቀቅ» የሚባለውም ደግነት ይመስላል እንጂ አይደለም። እንስሳው በማያውቀው ቦታ መጠለያና ምግብ ሳያገኝ ከነባሮቹ ጋር ይጣላል፣ ብዙዎቹም ይሞታሉ፤ በሽታም ከቦታ ቦታ ይዛመታል። በዚህ የተነሳ ብዙ የአሜሪካ ስቴቶች ያለ ፈቃድ ወስዶ መልቀቅን ይከለክላሉ። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከተያዘበት ከ1 ኪሎሜትር ሳያልፍ ነው መለቀቅ ያለበት። የስቴታችሁን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሳትጠይቁ ወጥመድ አትክፈቱ። ምግቡና ቀዳዳው እስካለ ድረስ አንዱ ሲሄድ ሌላ ይተካል፣ ይህንንም አይርሱ።

መግቢያውንም አሁን አይድፈኑት። ልጆቿ ውስጥ የቀሩባት እናት ጣሪያ ገነጣጥላ ትገባለች። እናቶች ብዙውን ጊዜ ሌላ የሚያውቁት ጎሬ አላቸው፤ ሥራችን ይኼኛው እንዳይመቻት ማድረግ ነው። ሲመሽ ከኮርኒሱ መግቢያ በኩል ደማቅ መብራትና ሰው የሚያወራበት ሬዲዮ ያስቀምጡ፤ ጨርቅና ወረቀት አጠገብ እንዳይሆን፣ አምፖሉም የማይግለው ኤልኢዲ ይሁን። ወደ ውስጥ አይግቡ፤ እናቲቱ ትነክሳለች። በአንድ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ግልገሎቹን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ታጓጉዛለች። ካልሄደች ደግሞ መታገስ ነው፦ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ሲሆናቸው ራሳቸው ተከትለዋት መውጣት ይጀምራሉ። ያኔ መግቢያው ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር ይገጠማል። ከላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ የሽቦ ክዳን ነው፤ ሲገፋ ይከፈታል፣ በራሱ ክብደት ይዘጋል፣ ከውጭ የሚያዝበት ጠርዝ የለውም።

ከመዝጋትዎ በፊት በወረቀት ይሞክሩ። ቀዳዳውን በተጨማደደ ጋዜጣ ይወትፉት። ዝናብና ብርድ በሌለባቸው ሦስት ተከታታይ ሌሊቶች ካልተነካ ባዶ ነው። ክረምት ላይ ግን ብርድ ሲበረታ ለቀናት ሳይወጣ ሊተኛ ስለሚችል ያን ጊዜ ወረቀቱን አይመኑት።

መድፈኛው ላሜራ ወይም ያው ግማሽ ኢንች ሽቦ ነው፣ ከቀዳዳው በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር አልፎ ጤነኛ እንጨት ላይ በቪቴ የተያዘ። 10 ሳንቲሜትር ቀዳዳ ለራኩን በቂ በር ነው። የበሰበሰ እንጨት ላይ ላሜራ መምታት ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ከጎኑ ይፈለቅቀዋል። መጀመሪያ እንጨቱ ይለወጥ፤ እንጨቱን ያበሰበሰውም ብዙ ጊዜ የተደፈነ አሸንዳ ስለሆነ እሱም ይጠረግ። ወደ ጣሪያው የተዘረጉ ቅርንጫፎችን 1.5 ሜትር ያህል እስኪርቁ ይቁረጡ። በአሸንዳው ቱቦ የሚወጣ ከሆነ ጥጉን 90 ሳንቲሜትር ከፍታ ባለው ለስላሳ ላሜራ ይሸፍኑ፣ ጥፍሩ እንዳይቆነጥጥ።

ጭስ ማውጫ ካለዎት በብረት ወንፊት ክዳን ይሸፈን፣ ግን ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ። በጭስ አስወጣለሁ ብሎ እሳት ማንደድ ግልገሎችን ያቃጥላል፣ ቤቱንም በጭስ ይሞላል።

ስለ ልጆቹ አንድ ነገር። ቀን ላይ የታየ ራኩን ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ የምታጠባ እናት ቀንም ምግብ ትፈልጋለች። የሚንገዳገድ፣ ኋላ እግሩን የሚጎትት፣ ሰው ሲቀርበው የማይሸሽ ወይም ያለ ምክንያት የሚያጠቃ ከሆነ ግን ልጆችንና ውሻውን አስገብተው ወደ እንስሳት ቁጥጥር ይደውሉ። ዲስቴምፐር የሚባለው በሽታም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፣ በዓይን አይለይም። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ ያኑ ሰዓት ሐኪም ጋር መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን ይቅርና ማዘግየትም ከባድ ነው፤ ክትባቱ ቶሎ ሲጀመር ግን ያድናል። ውሻና ድመታችሁ የተከተቡ ይሁኑ።

ቀላል መንገድ

ይህን ሁሉ ከመልፋት ናፍታሊን ከኮርኒስ በላይ መበተን፣ ወይም ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚያወጣውን መሣሪያ መግዛት አይቀልም?

ሐኪመ እንስሳት

ናፍታሊኑን እባክዎ አይሞክሩት፤ ሰው ከሚተኛበት ክፍል በላይ ነው። ለተዘጋ የልብስ ሳጥን የተሠራ ነገር ነው፤ እንፋሎቱ በኮርኒሱ ስንጥቅ ወደ ልጆቹ ይወርዳል፣ መለያው ላይ ከተጻፈው ውጪ መጠቀምም በአሜሪካ ሕገ ወጥ ነው። ራኩኗ ደግሞ ኳሶቹን ወደ ጎን ገፍታ ትተኛለች። የድምፅ መሣሪያውም ሆነ ሰው ሲያልፍ የሚበራው መብራት ለጥቂት ሌሊት ያስደነግጣታል፣ ጉዳት እንደሌለው ስትረዳ ትለምደዋለች። ሬዲዮና መብራት ለእናቲቱ የሚሠሩት ለአጭር ጊዜ፣ ግልገል ስላላት፣ የምትሄድበትም ስላላት ነው።

የጫካ ዳር

በጣም አመሰግናለሁ። ዶሮዎቹ ጋራዥ አድረዋል። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ማገዶ ክምሩ ላይ የውሻ የሚመስል፣ የፍራፍሬ ዘር ያለበት ሰገራ አንድ ቦታ ላይ ተቆልሎ አገኘሁ፤ ልጆቹ የሚጫወቱት እዚያው አካባቢ ነው። በውኃ ጎማ ላጥበው? ሌላው፣ ሲመሽ በራሱ የሚዘጋ የዶሮ በር ብገዛ ራኩን አይከፍተውም?

ሐኪመ እንስሳት

በጎማ አያጥቡት! ይበትነዋል። ልጆቹን ዛሬውኑ ከዚያ ያርቋቸው። ራኩኖች በቡድን አንድ ቦታ ላይ ይጸዳዳሉ፤ ማገዶ ክምር፣ የዛፍ ሥር፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ ይወዳሉ። ሰገራቸው ውስጥ ቤይሊስአስካሪስ የሚባል የራኩን ወስፋት እንቁላል ሊኖር ይችላል። ሰው ላይ የሚያደርሰው ሕመም ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ቢሆንም አንጎልና ዓይን ስለሚያጠቃ እጅግ ከባድ ነው፤ አፈር የነካ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ የሚያስገቡ ሕፃናት ናቸው ይበልጥ የሚጋለጡት።

ከሰውነት በወጣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው እንቁላሉ በሽታ ማስተላለፍ የሚጀምረው፤ ስለዚህ ትኩሱን ቶሎ ማንሳት ጥቅም አለው። አሮጌው ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የሚጣል ጓንት፣ ኤን95 ማስክና የሚታጠብ ቦት ጫማ ያድርጉ። አቧራ እንዳይነሳ በመርጫ ትንሽ ውኃ ያርሱት፣ በአካፋ አንስተው ድርብ ፌስታል ውስጥ አስረው ይጣሉት። ከሥሩ ያለውን አፈር ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ጠርገው አብረው ያስወግዱ። በረኪና ይህን እንቁላል አይገድለውም፣ ሙቀት ነው የሚገድለው፤ ስለዚህ የቀረውን ቦታና አካፋውን የፈላ ውኃ በብዛት ያፍስሱበት። ሰገራ የነካውን ማገዶ ወደ ቤት አያስገቡ። ልብሱን በሙቅ ውኃ ይጠቡ፣ እጅዎን በሳሙና። ውሻም በዚህ ወስፋት ሊያዝ ስለሚችል የወስፋት መድኃኒቱ አይቋረጥ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቦታውን ይመልከቱ፤ የለመዱትን ስፍራ ቶሎ አይተዉም።

ሽቦና ምስማር

በራሱ የሚዘጋው በር ጥሩ ነው፣ ሁሉም ግን እኩል አይደለም። በገመድ ተስቦ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ዓይነት፣ ሲዘጋ የማይቆለፍ ከሆነ፣ ራኩን ጣቱን ከሥር አስገብቶ ያነሳዋል። ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፈውን ወይም ሞተሩ በጥርስና ብሎን የሚይዘውን ይምረጡ። በሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ 2.5 ሳንቲሜትር የሚያህል ጠርዝ ከፊቱ ይምቱ፣ ጣት ማስገቢያ እንዳይኖር። መንሸራተቻው ውስጥ ገለባ ከገባ በሩ ሳይዘጋ ያድራል፤ በየሁለት ቀኑ ይጥረጉት።

በብርሃን የሚሠራው ደመና ሲከብድ ቀድሞ ሊዘጋና የዘገየችውን ዶሮ ውጭ ሊያስቀር ይችላል። በሰዓት የሚሠራው ደግሞ ቀኑ ሲረዝምና ሲያጥር በየሁለት ሳምንቱ መስተካከል ይፈልጋል። የትኛውንም ቢገዙ የመጀመሪያዎቹን አሥር ማታዎች ቆጡ ላይ ያሉትን በባትሪ ይቁጠሩ፤ 9 ካልሞሉ የቀረችው ከበሩ ውጭ ጥግ ላይ ነው የምትገኘው።